የድሬ ሙቀት ሙዮን መስሎ የሸወደኝ ጊዜ

ሙዮን የሚባለውን ከሰማይ የሚወርድ ቅንጣት የሚቆጥር ዲቴክተር ሠርታችሁ ዳታ ልትሰበስቡ ያሰባችሁ ልጆች ካላችሁ ይሄን ሳታነቡ እንዳትጀምሩ ብዬ ነው። እኔ ማስተርሴን ስሠራ አራት ወር የሚጠጋ ዳታ ነው ገደል የከተትኩት፣ እሱስ ይሁን፣ በዲፓርትመንቱ ሰው ፊት ቆሜ «ድሬዳዋ ላይ ያልተጠበቀ ነገር አገኘሁ» ብዬ ተናግሬ ነው ያፈርኩት። ያገኘሁት ነገር ምን እንደነበር ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፣ ድሬ የኖረ ሰው ግን ከርዕሱ ገብቶታል።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከጠፈር የሚመጡ ፕሮቶኖች ላይኛው ከባቢ አየር ላይ ሲጋጩ ብዙ ዓይነት ቅንጣት ይረግፋል፣ ከነዛ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ካላቸው እኛ ጋ መሬት ድረስ በብዛት የሚደርሰው ሙዮን የሚባለው ነው፣ ባሕር ጠለል ላይ በግምት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር በደቂቃ አንድ ያልፋል፣ ማለትም አሁን ይሄን ስታነቡ ራሱ በመዳፋችሁ እያለፈ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ደግሞ ቁጥሩ ይጨምራል። ቪክቶር ሄስ የሚባል ኦስትሪያዊ በፈረንጆች 1912 በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ጨረሩ ወደ ላይ ሲወጡ እንደሚጨምር አየ፣ በ1936 ኖቤል ተሸለመበት። እኔ ባሉን የለኝም፣ የሐረር ሚኒባስ ግን አለ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ ናት፣ ደንገጎን ተጠማዞ ተጠማዞ ወጥቶ በሐረማያ በአወዳይ አድርጎ አንድ ሰዓት ምናምን ነው፣ ስለዚ አንድ ዲቴክተር ድሬ አንድ ሐረር አስቀምጬ ሐረር ይበልጣል ብዬ አሳያለሁ፣ አለቀ። ይሄን የመሰለ የተዘጋጀ ቴሲስ የት ይገኛል?

መሣሪያው ኮስሚክ ዋች ይባላል፣ ኤምአይቲ ላይ ለተማሪ ታስቦ የወጣ ዲዛይን ነው፣ ዕቃው 100 ዶላር ገደማ ይፈጃል (አገር ውስጥ እስኪገባልኝ ስንት ሰው እንደለመንኩ ይቅር)። ውስጡ 5 በ5 ሴንቲሜትር የሆነ ሲንቲሌተር የሚባል ፕላስቲክ አለ፣ ሙዮን ሲያልፍበት ትንሽ ብርሃን ይሰጣል፣ ያንን ብርሃን ጥፍር የምታክል ሲሊከን ፎቶመልቲፕላየር የምትባል ሴንሰር ታየዋለች፣ አርዱይኖ የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ይቆጥራል፣ በቆጠረ ቁጥር ከላይ ያለችው መብራት ብልጭ ትላለች። ሁለት ሠራሁ። አንዱን ድሬ ግቢያችን ጥግ ያለች ቆርቆሮ ጣሪያ ስቶር ውስጥ ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር አስቀመጥኩት፣ ሁለተኛውን ጀጎል ውስጥ አክስቴ ቤት ወሰድኩት፣ እሷ ጋ ላፕቶፕ ስለሌለ በሚሞሪ ካርድ ነው የሚመዘግበው።

አሁን ስሕተቶቼን ልቁጠርላችሁ፣ ሁሉም በመጀመሪያው ሳምንት ነው የተሠሩት፣ ዋጋቸውን ግን አራት ወር ከፈልኩ።

የመጀመሪያው ትሬሽሆልዱ ነው። ሴንሰሯ ምንም ነገር ሳያልፍባት ራሱ ትንንሽ ፐልስ (የኤሌክትሪክ ምት) ትሰጣለች፣ ዳርክ ካውንት ይሉታል፣ ስለዚ «ከዚ ቁመት በታች ያለ ፐልስ አትቁጠር» የሚል ገደብ ትሰጡታላችሁ። እኔ ገደቡን ያስተካከልኩት ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ በዛ ሰዓት ድሬ ደስ የሚል ነፋስ አለው፣ ደሞ ብዙ ቁጥር ስለምፈልግ ገደቡን ኖይዙ (የውሸቱ ፐልስ) አናት ላይ ልጥፍ አድርጌ ዝቅ አደረግኩት። የዳርክ ካውንት ነገር ግን ሙቀቱ በግምት 8 ወይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። ዳታ ሺቱ ላይ ተጽፏል። አንብቤዋለሁም። ማለዳ ያስተካከላችሁት ገደብ ከሰዓት በኋላ እንደማይሠራ ማንበብና ማሰብ ግን ለየብቻ ነው መሰለኝ።

ሁለተኛው፣ ሁለቱን ዲቴክተሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየኋቸውም። ሁለቱም እኔ የሠራኋቸው ስለሆኑ መንታ ናቸው ብዬ ነው። መንታ ቢሆኑም ባሕሪያቸው አንድ አይደለም፣ አንዱ ላይ ሴንሰሯ ከፕላስቲኩ ጋር ጥሩ ተጣብቃለች ሌላው ላይ ትንሽ አየር አለ፣ ይሄ ብቻውን ቁጥሩን ይቀይራል። ቢያንስ አንድ ሳምንት አብረው ይቆጠሩ፣ ከዛ መሐል ላይ ቦታ ቀያይሯቸው፣ ልዩነቱ ከቦታው ጋ ከቀረ የቦታ ነው፣ ከዲቴክተሩ ጋ ከተጓዘ የዲቴክተሩ ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ግን ሰብስቤ አለማየቴ ነው። ላፕቶፑ ይመዘግባል፣ መብራቷ ብልጭ ትላለች፣ እኔ በሳምንት አንዴ በፍላሽ ገልብጬ ፋይሉ መጠኑ ከጨመረ «እየሠራ ነው» ብዬ እሄዳለሁ። ፋይል መሙላቱ እኮ ስለዳታው ጤንነት ምንም አይነግራችሁም፣ ቆሻሻም ፋይል ይሞላል።

ከሦስት ወር ተኩል በኋላ ደምሬ አካፍዬ ሳየው ድሬ ከሐረር በለጠ። በትንሽ አይደለም፣ በደንብ በለጠ። አሁን ሳስበው የሚያስቀኝ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ስሜት ጥርጣሬ ሳይሆን ደስታ ነው፣ መሬት ውስጥ ያለ የጨረር ምንጭ ነው፣ አይ አካባቢው ድንጋይ ነው፣ አይ እንትን ነው እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ ምክንያት ስፈጥርለት አደርኩ። ቁጥሩ ልክ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ ዘልዬው። አድቫይዘሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፣ «ሙቀት አይሆንም?»

እዚ ጋ ነው የዓመቱ ጉድ። ሙቀት መዝግቤ ነበር። ስቶሩ ግድግዳ ላይ ቴርሞሜትር አለ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እያየሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ኤክሴል ላይ ከተትኩትና ከላፕቶፑ ቁጥር ጋር አንድ ላይ አወጣሁት። ሙቀቱ ጣሪያ የሚነካው 8 ሰዓት ላይ፣ ቁጥሩ ጣሪያ የሚነካው 14 ሰዓት ላይ። ስድስት ሰዓት ይለያያሉ! አይገናኙም ብዬ ስላይዱ ላይ በደማቁ «ሙቀት ምክንያት አይደለም» ብዬ ጻፍኩ።

ገብቷችኋል አይደል። ደብተሩ በኛ ሰዓት ነው፣ ላፕቶፑ በፈረንጅ። የኔ 8 ሰዓት የላፕቶፑ 14 ነው፣ ሁለቱ ጉብታዎች አንዱ ሌላው ላይ ቁጭ የሚሉ ነበሩ። ኤክሴል ላይ 8 የሚለውን እንደ ፈረንጅ 8 ካነበባችሁት ጠዋት 2 ሰዓት መሆኑ ነው፣ ድሬ ተወልጄ አድጌ ድሬ ላይ ጠዋት 2 ሰዓት የቀኑ ትልቁ ሙቀት ሊሆን እንደማይችል አለማሰቤ እስካሁን ይገርመኛል። ቀኑም እንደዛው ነው፣ ደብተሩ ሰኔ 5 ይላል ፋይሉ ጁን 12፣ አንዳንድ ገጽ ላይ ቀላቅዬዋለሁ። ስለዚ ምክሬ፣ ዛሬውኑ ደብተራችሁ ሽፋን ላይ አንድ ሰዓት አንድ አቆጣጠር መርጣችሁ ጻፉ፣ ሁለቱንም መጻፍ ከፈለጋችሁ ሁለት ዓምድ አድርጉ። «አውቀዋለሁ አልሳሳትም» አትበሉ፣ እኔም አውቀው ነበር።

ሴሚናሩን አቀረብኩ። ብዙም የማይናገር አንድ አስተማሪ ከኋላ እጁን አውጥቶ «የፐልሱን ቁመት ሂስቶግራም አሳዪኝ፣ የድሬውንና የሐረሩን» አለኝ፣ የትኛው ቁመት ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚያሳየውን ሥዕል ማለቱ ነው። አልሠራሁትም። ሦስት ወር ተኩል ሙሉ የእያንዳንዱ ፐልስ ቁመት ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ እያለ አንድ ቀን አልሣልኩትም። ዝም አልኩ። ከዛ በኋላ ያለውን ብዙ አላስታውስም፣ ላቤን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ማታ ቤት ስገባ የግቢው ጥበቃ አረፍ ብሎ ነበር፣ ድሬ ትልቅ ትንሹ «አንተ» «አንቺ» ስለሆነ እንደ ጓደኛ ነው የምናወራው፣ ፊቴን አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ፣ ያ ማሽን አዋረደኝ አልኩት። «እሱ እኮ ጤነኛ አይደለም፣» አለኝ፣ «ጠዋት ጨዋ ነው፣ ከምሳ በኋላ ያብዳል። ሰው ሁሉ በርጫው ላይ ጋደም ሲል እሱ ብቻ ይጨፍራል።» መብራቷን ማለቱ ነው። ለምን አልነገርከኝም ስለው «መቼ ጠየቅሽኝ» አለ። እውነቱን ነው። ዲቴክተሩን በቀን አሥር ሰዓት የሚያየው እሱ ነው፣ እኔ በሳምንት አሥር ደቂቃ።

ሂስቶግራሙን የዛን ሌሊት ሣልኩት። የሐረሩ እንደመጽሐፉ ነው፣ የሙዮኑ ጉብታ መሐል ላይ ቆሟል ከዛ ረጅም ጭራ ወደ ቀኝ። የድሬው ደግሞ ገደቡ ጥግ ላይ ተራራ ሠርቷል፣ የሚበዛው ቁጥር ትንንሽ ፐልስ ነው፣ ተራራውን በሰዓት ስከፋፍለው ማለዳ የለም፣ ከ7 ሰዓት ጀምሮ ይወጣል፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይወርዳል። በነጋታው ክፍሉን አጨልሜ በስልኬ ባትሪ ሳጥኑን ዙሪያውን አበራሁበት፣ አንዱ ጥግ ጋ ስደርስ መብራቷ እንደ ዲስኮ ሆነች። ጥቁሩ ናስትሮ ሙጫው በሙቀቱ ቀልጦ ተላቆ ጸሐይ እየገባበት ነበር። ስለዚ ሁለት በሽታ በአንዴ፣ ሙቀትና ብርሃን፣ ሁለቱም ቀን ቀን የሚመጡ፣ አንዱ ሌላውን የሚሸፍኑ። የባትሪ ምርመራው አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው፣ መጀመሪያ ቀን ላይ ብሠራው ኖሮ።

ከዛ የመጣብኝን ፈተና ልንገራችሁ፣ እናንተም ላይ ይመጣል። ቀላሉ መንገድ ከሰዓት በኋላ ያለውን ቆርጬ መጣል ነበር። ቆርጬ አየሁት። ድሬ ወረደ ግን ገና ከሐረር ይበልጣል። ትንሽ ጨምሬ ቆረጥኩ፣ ከ5 ሰዓት ጀምሮ፣ ተቃረበ። ሐረር እስኪበልጥ ድረስ እየቆረጥኩ መሆኔን ሳውቀው ደነገጥኩ፣ የምፈልገው መልስ እስኪመጣ ነው የምቆርጠው፣ ይሄ ከመጀመሪያው ስሕተት ይብሳል እንጂ አያንስም።

ትልልቆቹ ምን ያደርጋሉ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ያለው ሲኤምኤስ የሚባል ትልቅ ዲቴክተር ዳታውን ከፈረንጆች 2014 ጀምሮ ለማንም በነፃ እየለቀቀ ነው፣ ከዳታው ጋር ደግሞ አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይመጣል፣ የትኛው ጊዜ ላይ የተወሰደ ዳታ ጤነኛ ነው የሚል ዝርዝር። ጊዜውን ሉሚ ሴክሽን በሚባል 23 ሰከንድ ገደማ በሆነ ቁራጭ ከፋፍለውታል፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ፍርድ አለ። አትላስ የሚባለውም የራሱ ተመሳሳይ ዝርዝር አለው። ዲቴክተሩ እየሠራ ሌሊትና ቀን ተራ የሚገባ ሰው ተቀምጦ ሂስቶግራሞቹን ጤነኛ ከሆነ የድሮ ሂስቶግራም ጋር እያስተያየ ያያል፣ የሞተ ቻናል አለ ወይ፣ አንድ ቦታ ብቻ የሚጮህ አለ ወይ፣ ሃይ ቮልቴጅ የወረደበት አለ ወይ። የሲኤምኤስ አንዱ ክፍል ብቻ 75,848 ክሪስታል አለው፣ እኔ ሁለት ፕላስቲክ ይዤ ነው ማየት ያቃተኝ። ልቤን የነካው ግን ፍርዱ የሚሰጠው ዲቴክተሩን አይቶ መሆኑ ነው፣ የመጨረሻውን ውጤት አይቶ አይደለም። የተበላሸውም አይሰረዝም፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ነገ ሌላ ሰው ተመልሶ ማየት ይችላል።

ደሞ ትልቅም ሰው ይሳሳታል፣ ይሄ ትንሽ አጽናንቶኛል። በ2011 ኦፔራ የሚባለው ሙከራ ከሰርን ተነስተው 730 ኪሎሜትር ሄደው ጣልያን ግራን ሳሶ የሚደርሱ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ከብርሃን 60 ናኖሰከንድ ቀድመው ደረሱ ብሎ ዓለምን አናወጠ። በኋላ ሲፈተሽ ዋናው ምክንያት በደንብ ያልገባ የፋይበር ኬብል ነው። እነሱ ግን «እኛም ማመን አቅቶናል፣ ፈትሹልን» ብለው ነው ያወጡት። እኔ በደማቁ «አይደለም» ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሁለተኛውን ዙር እንዲህ ሠራሁት። ዳታውን ከመክፈቴ በፊት ከአድቫይዘሬ ጋር ቁጭ ብለን ደንቡን በወረቀት ጻፍን፣ ጊዜውን በአንድ አንድ ሰዓት ከፋፍለን፣ መብራት የጠፋበት ሰዓት፣ ሳጥኑ የተከፈተበት ሰዓት፣ የሳጥኑ ውስጥ ሙቀት ከወሰንነው ያለፈበት ሰዓት፣ የፐልሱ ቁመት ጉብታ ከቦታው የተንሸራተተበት ሰዓት፣ እነዚ «መጥፎ» ይባላሉ። ቁጥሩ ስላነሰ ወይ ስለበዛ ብቻ መጥፎ የሚባል ሰዓት የለም። እዚ ላይ ተጠንቀቁ፣ ቁጥር በተፈጥሮው ይዋዥቃል፣ በሰዓት 100 ብትቆጥሩ በሚቀጥለው 90 ወይ 110 ቢመጣ ምንም ችግር የለውም፣ እንደውም በየሰዓቱ እኩል እኩል ከመጣላችሁ ያኔ ነው መጠርጠር። እኔ አንዴ ሁለት ቀን ቁርጥ አንድ ዓይነት ሆኖብኝ ስፈትሽ አንድ ፋይል ሁለቴ ገልብጬ ነበር።

ሁለቱን ዲቴክተሮች አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ በኬብል አገናኘኋቸው፣ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ካዩ ብቻ እንዲቆጠር። ኖይዝ ሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ የሚመጣበት ዕድል ትንሽ ነው፣ ሙዮን ግን ሁለቱንም በስቶ ያልፋል። ቁጥሩ በጣም ይቀንሳል፣ አትደንግጡ፣ የቀረው እውነተኛው ነው። ችግሩ ሁለቱም አንድ ከተማ ስለሚሆኑ ተራ በተራ ነው፣ ድሬ ከዛ ሐረር ከዛ እንደገና ድሬ፣ ሦስተኛው ዙር የመጀመሪያውን ካልደገመ አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው። አየር ግፊትም መመዝገብ አለበት፣ ግፊት ሲጨምር ሙዮን ይቀንሳል፣ ሴንሰሩ ርካሽ ነው። ጣሪያም አስቡ፣ የኛ ስቶር ቆርቆሮ ነው፣ የጀጎል ቤት ጣሪያ ደግሞ እንጨትና አፈር ነው፣ ወፍራም፣ ደካማዎቹን ሙዮኖች ያስቀራል፣ ስለዚ አክስቴ ጋ ጊቢው ውስጥ ቆርቆሮ ዳስ ሠራንለት (የዶሮ ቤት መስሏት ነበር)። ሌላ፣ አርዱይኖው አንዱን መዝግቦ ስክሪን ላይ እስኪጽፍ ድረስ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ያ ጊዜ ከጠቅላላው መቀነስ አለበት፣ ኖይዝ በበዛ ቁጥር የሚጨፍነው ጊዜም ይበዛል።

በየቀኑ ጠዋት አራት ሥዕል ብቻ አያለሁ፣ ቁጥር በሰዓት፣ የፐልስ ቁመት፣ ሙቀት፣ ግፊት። ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። መጀመሪያ ያየኋቸውን ጤነኛ ሥዕሎች አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌአለሁ፣ ከነሱ ጋር አስተያያለሁ። ጥበቃውንም በየቀኑ እጠይቀዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ ከኔ ቀድሞ ነግሮኛል፣ አንዱ ልጆች ሳጥኑን አንስተውት ነበር።

ሐረር በትንሹ በለጠ። መብለጥ እንዳለበት በለጠ፣ አዲስ ግኝት የለም፣ ቴሲሱ አለፈ።

የሐረሩ ላይ የቀረችኝ አንድ ነገር የመብራቱ ጉዳይ ናት። ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚጻፈው ሰዓት አርዱይኖው ከተነሳ ጀምሮ ያለው ስለሆነ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከዜሮ ይጀምራል፣ መቼ እንደተነሳ ካልታወቀ ያ ሁሉ ዳታ ቀን የለውም። አክስቴን መብራት ሲሄድና ሲመጣ ጻፊልኝ ብዬ ደብተር ሰጠኋት። የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ነው ያላት፣ እንደሷ ያለ ደብተር ግን ዲፓርትመንቱ ውስጥ የለም፣ «ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 9 ከሩብ ሄደ፣ ተኝቼ ነበር ፍሪጁ ዝም ሲል ነቃሁ»፣ «ሐሙስ 4 ሰዓት መጣ፣ ወዲያው ሄደ፣ እንደገና መጣ፣ ሁለቴ ነው ሁለቴ ጻፊ»። ፋይሉን ከደብተሯ ጋር ሳገናኘው አንድም ቦታ አልሳተችም። በኋላ ክብ ባትሪ ያላት ሰዓት ገጠምኩበት፣ ርካሽ ናት፣ እናንተ ከመጀመሪያው ግጠሙ፣ አክስቴንም ከዚ በኋላ አትድከሚ አልኳት። ዲቴክተሩም ከቤቷ ከወጣ ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጮኸ፣ «አንቺ ልጅ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ከአሥር ሄዷል፣ ጻፊው» ብላ ዘጋችው።